አጣጥና የትልቁ አንጀት ካንሰር

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በየአጥሩና በየጥሻው ከአጣጥ ጋር ይገናኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ እሾሃማ ተክል ወገን የተገኘ አንድ ንጥረ ነገር ከካንሰር ጋር ያለውን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ፀረ ካንሰር ተክሎችን ሲያስፈልግ፣ ከኢትዮጵያ የአጣጥ ወገን ናሙና ተሰበሰበ። በ1972 ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ወገን ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ። ከአንድ ኪሎ ግራም የደረቀ ተክል የተገኘው አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር።

ኃይሉ ግን ብርቱ ነው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን ወደ ሁለት ዋልታ የሚስቡ ጥቃቅን ቱቦዎችን ይዘረጋል፤ ቱቦዎቹም ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን የሚገጣጠሙ ናቸው። ሜይታንሲን ከቱቡሊን ጋር ተጣብቆ መገጣጠሙን ያግዳል፤ ክፍፍሉ ይቋረጣል፤ ሕዋሱም ይሞታል። ችግሩ የታመመውን ሕዋስ ከጤነኛው አለመለየቱ ነው። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ በመሆኑ ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ ነው። በ1970ዎቹ በተደረጉት ሙከራዎች ሕሙማን በትውከት፣ በተቅማጥና በነርቭ ጉዳት ተሠቃዩ። በተስፋፋ የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ተሞክሮ በ1978 የታተመው ጥናትም ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አላስገኘም።

እንግዲህ አጣጥ ቀቅሎ መጠጣት ለምን እንደማያዋጣ ከዚሁ መረዳት ይቻላል። አጣጥ ብለን የምንጠራቸው ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ሜይታንሲን አላቸው ማለት አይደለም። ቢኖራቸው እንኳ በፈዋሹና በገዳዩ መጠን መካከል ያለው ርቀት በስኒ አይለካም። በሰገራው ደም ያየ ሰው በቅጠል የሚያባክነው ወር፣ እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል የነበረበት ወር ሊሆን ይችላል።

የሌላ ተክል ዕድል የተለየ ሆነ። ዎልና ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች በ1966 ካምፕቶቴካ ከተባለው የቻይና ዛፍ ካምፕቶቴሲንን አገኙ። እርሱም በመጀመሪያ መርዛማነቱ አስቸግሮ ነበር፤ ኋላ የጃፓን ኬሚስቶች አወቃቀሩን ለውጠው በውኃ የሚሟማውን አይሪኖቴካን ሠሩ። ይህም በ1996 በአሜሪካ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ ዛሬም ይታዘዛል።

ሜይታንሲንም ቢሆን ፈጽሞ አልተጣለም። ተመራማሪዎች የእርሱን ዘመድ ሄር-2 የተባለውን የሕዋስ ምልክት ከሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አቆራኙት፤ መርዙ አድራሻ ተሰጠው እንደ ማለት ነው። መድኃኒቱ በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ጥቂት የትልቁ አንጀት ካንሰሮችም ይህን ምልክት ስለሚይዙ በጣሊያን ከሌላ መድኃኒት ጋር ተሞከረ፤ በ2020 የታተመው ውጤት ያለመውን ግብ ባይመታም በብዙዎቹ ሕሙማን የካንሰሩን እድገት ለጊዜው ገትቷል።

ዛሬ ለዚህ መድኃኒት አጣጥ የሚቆርጥ የለም። ጥሬ ዕቃው የሚገኘው በፋብሪካ ጋን ውስጥ ከሚራባ ባክቴሪያ ነው። ከዚህም በላይ፣ በአጣጥ ዘመዶች ሥር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜይታንሲንን በመሥራት እንደሚሳተፉ ጥናቶች አመልክተዋል።