ውሃው በየትኛው በኩል ነው?

በሰኔ ሌሊት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ኤሲ ከፍቶ የሚነዳ ሰው የፊት መስታወቱ ድንገት ነጭ ሲሆንበት ጨርቅ ያነሳና ከውስጥ ይወለውላል። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል። ኤሲውን ይጨምራል፤ መስታወቱ ይብስበታል። ይህ ሰው መካኒክ ከመጥራቱ በፊት በጣቱ መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ይንካ። መፍትሔው የሚለየው ውሃው ባለበት ጎን ነው።

ጅቡቲ ላይ ውሃው ከውጭ ነው፤ የባሕሩ አየር እርጥበት የጠገበ ነው። አየሩ 35 ዲግሪ ሞቆ እርጥበቱ 70 በመቶ ሲደርስ ከ28 ዲግሪ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ኤሲ የሚነፋበት መስታወት ደግሞ ከዚያ በታች መውረድ አይከብደውም። ስለዚህ የዝናብ መጥረጊያውን ያዙሩ፣ ንፋሱን ከመስታወቱ ላይ ያንሱና ወደ ደረት ይመልሱት፣ ቅዝቃዜውንም ይቀንሱ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ቢያልፍም ችግሩ ይጠፋል። ያኔ ብዙ ሰው መኪናው የተሠራለት ይመስለዋል።

ከዶራሌ ወደብ ጭኖ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ደብረ ሲናን የሚወጣ ሹፌር ግን ጣርማበር ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ከሆነ ብርዱም ጉሙም አይጣል ነው። እዚያ መስታወቱን የሚያርሰው የሹፌሩና የረዳቱ ትንፋሽ፣ የረጠበውም ጋቢ ነው፤ ውሃው ከውስጥ ነው። ብርዱን ፈርቶ የውጭ አየር ማስገቢያውን የዘጋ ሰው የራሱን ትንፋሽ መልሶ መላልሶ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ማስገቢያው ይከፈት፤ ሙቅ አየር ወደ መስታወቱ ይነፋ፤ ኤሲው አብሮ ይሥራ። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ ብርድ ላይም ያገለግላል። ይህን የሚያምን ሹፌር እምብዛም አላገኘሁም።

ለኋላ መስታወት ግን ሌላ ብልሃት አለ፤ መስታወቱን ራሱን ማሞቅ። በካናዳ በረዶ ላይ ሞተር የሚነዱ ሰዎች የሄልሜታቸው መከለያ ትንፋሻቸው እንዳይረጋበት ከሞተሩ ኤሌክትሪክ በሽቦ ያሞቁታል። በሙቀቷ በታወቀች ከተማ መስታወት ማሞቅ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም የሞቀ መስታወት በውስጥም በውጭም ጤዛ አይዝም። የኋላ መስታወት ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ሥራቸው ይኸው ነው።

መስመሮቹ እምቢ ካሉ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሥቶ ማብሪያውን መጫን ነው። በብዙ መኪና ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ያ ብልሽት አይደለም። ቀጥሎ ፊውዙ ይታይ፤ ከዚያ ሪሌው። ጅቡቲ ላይ ግን እኔ ቶሎ የምጠረጥረው ጨዋማውን አየር ነው። ኔጋቲቩ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ዝጎ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና ከሆነ ደግሞ በማጠፊያው ጎማ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ በመታጠፍ ብዛት ይበጠሳል። ከላይ ደህና ስለሚመስል ጎማውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪኩ ደርሶ አንዲት መስመር ብቻ ካልሞቀች ቴስተር ይያዙ። አንዱን ጫፍ ኔጋቲቩ ባለበት ጎን ያድርጉ። ሌላውን በፎይል ጠቅልለው ከፖዘቲቩ በኩል መስመሩን ይዘው በዝግታ ይሂዱ። በጤነኛ መስመር ቁጥሩ ከ12 ቮልት ቀስ በቀስ እየቀነሰ መሃል ላይ 6 ገደማ ይደርሳል። በተቆረጠ መስመር ግን 12 ላይ ቆሞ ይቆይና በድንገት ወደ 0 ይወድቃል፤ የወደቀበት ቦታ ቁርጡ ነው። በአልኮል ያጽዱት፣ ከላይና ከታች ፕላስተር ይለጥፉ፣ ብር ያለበትን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቀለም በክፍተቱ ይቀቡና እስኪደርቅ አንድ ቀን ያሳድሩት። ተራ ማጣበቂያ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

መስመሩን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው። ለፀሐይ ተብሎ የተለጠፈ ጥቁር ላስቲክ ሲያረጅ በምላጭ የሚፍቀው ሰው መስመሩን አብሮ ያነሳዋል። ላስቲኩን በሙቅ ውሃ አርሰው፣ በመስመሮቹ አቅጣጫ፣ በእጅ ይላጡት።