ልጆችን ይዞ ዙ መሄድ፦ ከጡረተኛ የታክሲ ሹፌር ጋር የተደረገ ምልልስ

ጋሼ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠያቂዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ወንዱ ሰባት ዓመቱ፣ ሴቷ ሦስት ዓመቷ ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ዙ ልንወስዳቸው ነው። ባለቤቴም እንደምንም ከሥራ አስፈቅዷል። መንገዱንም ቦታውንም እርስዎ ያውቁታልና ምን ይመክሩኛል?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ምን ለማየት እንደምትሄዱ ንገሪኝ።

ጠያቂ፦ ሁሉንም ነዋ! ዝርዝር አውጥቻለሁ። ፓንዳ፣ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሪላ፣ እባብ፣ ወፎቹ፣ ከታች ያለው የልጆች እርሻ፣ አማዞንያ የሚሉት ቤት...

ጋሼ፦ ዝርዝሩን ተይውና ሦስት ምረጪ።

ጠያቂ፦ ለሦስት እንስሳ ብቻ ብዬ ባሌን ከሥራ ላስቀረው?

ጋሼ፦ ስሚኝ። ይሄ የስሚዝሶንያን ዙ ነው፤ መግቢያው በነጻ ነው። ሌላ ከተማ ብትሄጂ ለአራት ሰው ጠብሰቅ ያለ ገንዘብ ስለምትከፍዪ፣ «ብሬ አይባክንም» ብለሽ ልጆቹን ከጥግ እስከ ጥግ ብትጎትቻቸው አልፈርድብሽም። እዚህ ግን ያልከፈልሽበትን ምን ብለሽ ታስመልሻለሽ? የቀረውን በሌላ ቀን ታዩታላችሁ። ስፋቱ ደግሞ 163 ኤከር ነው፤ ወደ 66 ሄክታር ማለት ነው። ከበሩ ላይ ያነሳኋቸው ቤተሰቦች ስንት ናቸው መሰለሽ! ጠዋት ሳደርሳቸው ይሳሳቃሉ። ከሰዓት ሳነሳቸው ልጁ አባቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል፣ እናትየው ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፣ ባልና ሚስት አይነጋገሩም።

ጠያቂ፦ ባለፈው ባህር ዳርቻ ስንሄድ የሆንነውን ነው የነገሩኝ። ግን እንዲህ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ርቀቱ ነው?

ጋሼ፦ ዳገቱ ነው። ዋናው በር ኮነቲከት ጎዳና ላይ ነው፤ የግቢው ከፍተኛ ቦታ እሱ ነው። ከዚያ ኦልምስተድ የሚባለው መንገድ እየተጠማዘዘ እስከ ሮክ ክሪክ ወንዝ ድረስ ይወርዳል። ስትገቢ ቁልቁለት ስለሆነ እግርሽ አይሰማሽም፤ ልጆቹም እየቀደሙሽ ይሮጣሉ። የልጆች እርሻው ያለው ታች ነው፤ አማዞንያም እንደዚያው። እዚያ ስትደርሺ ቀትር ሆኗል፣ ምሳ ተበልቷል፣ ትንሿ እንቅልፏ መጥቷል። በይ እንግዲህ፣ ጋሪ እየገፋሽ ያንን ሁሉ ዳገት ውጪው! ታክሲ የሚጠራው ያኔ ነበር።

ጠያቂ፦ ታዲያ ላይ ላዩን አይተን እንመለስ?

ጋሼ፦ ልጁ ምን ካላየ ነው የሚያለቅሰው?

ጠያቂ፦ አንበሳ። ሌላውን አያውቅም፤ አንበሳ ብቻ ነው።

ጋሼ፦ በቃ፣ ቀኑን በአንበሳ እንሥራው። አንበሶቹ ያሉት ወደ ታች ነው። ግቢው የሚከፈተው በእኛ ሁለት ሰዓት፣ በነሱ ስምንት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የሚገባው ሕዝብ ወደ ፓንዳዎቹ ይሮጣል። እናንተ ግራና ቀኝ ሳትሉ ቁልቁል ወርዳችሁ አንበሶቹ ጋ ሂዱ። አንበሳ ቀኑን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሃያ ሰዓት ሊተኛ ይችላል። ገና ሳይሞቅ ከደረስሽ ግን ሲንጎራደድ ታገኚዋለሽ፤ ዕድል ከቀናሽ ደግሞ ሲያገሳ ትሰሚያለሽ። የአንበሳ ግሣት በጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ደረትሽን ነው የሚነዝረው። ልጁ ዝም ብሎ እጅሽን ሲጨብጥ ታያለሽ።

ጠያቂ፦ እኔም ልጅ ሆኜ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አባቴ ወስዶኛል። ሽታው ነው ትዝ የሚለኝ።

ጋሼ፦ ለልጅሽ ይሄን ንገሪው እንጂ! አንበሳ ግቢ በጃንሆይ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው የተቋቋመው። የእኛዎቹ ጋማቸው ጥቁር ነው፤ አንገት ላይ አይቆምም፣ ደረታቸውን አልፎ ሆዳቸው ሥር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እዚህ ካለው ጋማ ጋር እንዲያስተያይ ፎቶውን በስልክሽ ይዘሽለት ሂጂ። እያስተያየ የሚቆም ልጅ ቶሎ አይሰለችም።

ጠያቂ፦ ከአንበሳው በኋላስ?

ጋሼ፦ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ወደ ላይ ነው። ጉልበታችሁ ገና ሳለ፣ እየቆማችሁ፣ እያረፋችሁ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ ኦራንጉተኖቹ ጋ ቁሙ። በሰዎች መተላለፊያ ላይ፣ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ማማዎች መካከል ገመድ ተዘርግቷል። አየሩ ሞቅ ሲል ኦራንጉተኖቹ ሲያሻቸው በዚያ ገመድ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ከበላይሽ መረብ የለም፣ አጥር የለም። አስገድዶ የሚያሻግራቸውም የለም፤ ካልፈለጉ አይወጡም። ስለዚህ ለልጆቹ «ታያላችሁ» ብለሽ ቃል እንዳትገቢ።

ጠያቂ፦ ሦስተኛውስ ፓንዳ ነው አይደል?

ጋሼ፦ ቆይ፣ ከፓንዳ በፊት አንድ ቤት አለ፤ ትናንሽ አጥቢዎች ያሉበት። ሰው ቶሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን እዚያ ብዙ ሰዓት ብታጠፉ ደስ ይለኛል። ፀጉር የሌለው ፍልፈል አለ። አይተሽው ታውቂያለሽ?

ጠያቂ፦ ፍልፈል አውቃለሁ፤ የእርሻ ጠላት። ፀጉር የሌለው ግን...

ጋሼ፦ የአገርሽ ልጅ ነው እኮ! የሚገኘው በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ ነው። እዚያ ብትሄጂ ግን ከመሬት ሥር ስለሆነ አታዪውም፤ የምታዪው አፈር ሲበተን ነው። እዚህ ዋሻውን በመስታወት ሠርተውለታል። ትንሿን ከጋሪው አውርደሽ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ አስጠጊያት። ጣት የሚያህል፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ሮዝ ነገር ነው። ጥርሶቹ የበቀሉት ከከንፈሩ ውጭ ነው፤ አፉን ገጥሞ ስለሚቆፍር አፈር አይገባበትም። ሁለቱን የታች ጥርሶቹን ለየብቻ ያንቀሳቅሳቸዋል። ዋሻው ውስጥ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ በሌላው ላይ ይረማመዳል፤ ወደ ኋላ ደግሞ ወደ ፊት የሚሮጠውን ያህል ይሮጣል። እንደ ንብ ንግሥት አላቸው፤ የምትወልደው እሷ ብቻ ናት፣ ሌላው ሠራተኛ ነው። ዕድሜው ከ30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ አይጥ የሚያህል ነገር! ልጁን «ንግሥቲቱ የትኛዋ ናት?» ብለሽ ጠይቂው፤ ረዘም ያለችውን ይፈልግ።

ጠያቂ፦ የሜዳ አህያም የአገራችን አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ የግሬቪ የሜዳ አህያ ነው። በዱር የቀረው በኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ብቻ ነው። መስመሮቹ ቀጫጭን፣ ጆሮው ትልቅና ክብ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዡል ግሬቪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አንዱ ከአገራችን በስጦታ ተልኮላቸው ነበር። አፄ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1904 ለአሜሪካ አንድ ልከዋል፤ ያረፈው እዚሁ ዙ ውስጥ ነበር፣ ዳን ብለው ጠሩት። እንግዲህ ከእኛ ቀድሞ ዲሲ የገባ ያገር ሰው ነው። ስትደርሱ በጎ ፈቃደኞቹን ጠይቂ፤ የትኛው እንስሳ ውጭ እንዳለ፣ የትኛው እንደገባ ይነግሩሻል።

ጠያቂ፦ ፓንዳውን ረሱት!

ጋሼ፦ አልረሳሁም፤ መጨረሻ ያደረግሁት ከላይ በሩ አጠገብ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የዚህ ከተማ ፍቅር ፓንዳ ነው። በኅዳር 2023 የነበሩት ሦስቱ ወደ ቻይና ሲመለሱ ሰው ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር። አሁን ያሉት ባኦ ሊ እና ቺንግ ባኦ በጥቅምት 2024 መጡ፤ ሕዝብ ያያቸው በጥር 2025 ነው። የባኦ ሊ እናት እዚሁ ዙ ውስጥ ነው የተወለደችው። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ? ፓንዳ ወይ ቀርከሃ ያኝካል፣ ወይ ይተኛል። አስር ደቂቃ ይበቃል። ከሱ ይልቅ አጠገቡ ያሉትን ዝሆኖች እዩ። የእስያ ዝሆኖች ናቸው፤ ጆሯቸው ከአፍሪካው ያንሳል። የኩምቢያቸውን ጫፍ አሳዪያቸው፦ የእስያው አንድ ጣት የመሰለ ሥጋ አለው፣ የአፍሪካው ሁለት። ድርቆሹን በዚያች ጫፍ እንዴት ጠቅልሎ እንደሚያነሳ ልጅ ይወደዋል።

ጠያቂ፦ መኪና እንያዝ ወይስ በሜትሮ?

ጋሼ፦ ለመኪና ማቆሚያ 30 ዶላር ነው፤ ነጻ ያልሆነው እሱ ነው። እሱንም ቀድመሽ ካልያዝሽ ቅዳሜ ይሞላል። እኔ ሜትሮውን እመርጣለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩ መስመር ሳትቀይሪ ያደርስሻል፤ ከአምስት ዓመት በታች ለሆነችው ልጅ አይከፈልም። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ስሙ ዙ የሚለው ጣቢያ ውድሊ ፓርክ ነው፤ ሰው ሁሉ እዚያ ይወርድና በኮነቲከት ዳገት ይወጣል። አንቺ አንድ ጣቢያ ጨምረሽ ክሊቭላንድ ፓርክ ውረጂ፤ መንገዱ ይቀላል። ስትመለሱ ግን በውድሊ ፓርክ፤ ያኔ ቁልቁለት ይሆንላችኋል። እዚያ ጣቢያ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ረጅም ነው፣ ጋሪ ይዘሽ እንዳትሞክሪው፤ አሳንሰሩን ፈልጊ።

ጠያቂ፦ ምግብስ? እዚያ ልግዛ?

ጋሼ፦ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ለምን ትገዣለሽ? ዳቦ በእንቁላል፣ ሙዝ፣ ውሃ በብዛት። ፍርፍር እንዳትይዢ፤ እጅ መታጠቢያ ስትፈልጊ ነው የምትውዪው። ቆሎውን ለራስሽና ለባልሽ፤ ለትንሿ እንዳትሰጪ፣ ያንቃታል። ለእንስሳቱ ደግሞ ምንም እንዳይወረውሩ ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው። እዚያ ደርሰሽ ብትቆጪ አይሰሙሽም።

ጠያቂ፦ የምፈራው ልጁ ሕዝብ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ ነው። አንድ ነገር ካየ ይሮጣል።

ጋሼ፦ ጠዋት በር ላይ ሁለቱንም ፎቶ አንሺያቸው፤ «ምን ለብሶ ነበር?» ሲሉሽ ከድንጋጤ የተነሣ ቀለሙ ይጠፋብሻል። ስልክ ቁጥርሽን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊ። ከጠፋም እንዳይሮጥ፣ የዙውን መለያ ልብስ የለበሰ ሰው ፈልጎ አጠገቡ እንዲቆም አስተምሪው። አሳይተሽም አስለማምጂው፤ ገና ስትገቡ አንዱን ሠራተኛ ሰላም ይበል።

ጠያቂ፦ ቅዳሜ ባይመቸን ሌላ የተሻለ ቀን አለ?

ጋሼ፦ የሥራ ቀን ከተገኘ ይሻላል። በፈረንጅ ፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡበት የቆየ ልማድ አለ፤ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ግን ደስ ይላል። በሐምሌ ሙቀት ግን አትሞክሩት፤ እንስሳቱም ጥላ ሥር ተደብቀው ነው የሚውሉት።

ጠያቂ፦ ስንት ሰዓት ላይ እንውጣ?

ጋሼ፦ ትንሿ እንቅልፏ ሳይመጣ። በእኛ ሰባት ሰዓት ላይ ባቡር ውስጥ ሁኑ። ልጁ «እባቡን አላየሁም» ብሎ ቢያለቅስ ያልቅስ፤ ለሚቀጥለው ወር እባብ ነው በዪው። እና አንድ ነገር እንዳትረሺ፦ በነጻ ነው ብለሽ ዝም ብለሽ በር ላይ እንዳትቆሚ፤ የመግቢያ ፓስ ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት፣ በቀንና በሰዓት ነው የሚያዘው። ለትንሿም ጭምር ያዢላት። ዛሬ ማታ ያዢው፤ የጠዋቱ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚያልቀው።