የአርባኛዋ ፍየል ሐቅ፦ የዩኒት ቴስት መግቢያ



ኮድ መጻፍ ስንጀምር ፕሮግራማችን አንድ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ከሰጠን «ሠራ» ብለን እናልፋለን። አንድ ጊዜ መሥራትና ትክክል መሆን ግን ይለያያሉ። ይህን የምንለይበት አንዱ መንገድ ዩኒት ቴስት ነው። ዩኒት ቴስት የፕሮግራሙን ትንሽ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ አንድን ፈንክሽን፣ ለብቻው ነጥሎ የሚፈትሽ አጭር ኮድ ነው። ለፈንክሽኑ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መልሱን ይቀበላል፣ አስቀድሞ ከታወቀው መልስ ጋር ያስተያያል።

ምሳሌያችንን ከቆቦ እንውሰድ። በራያ ቆላ ብዙ ቤተሰብ ማሽላና ጤፍ ከማረሱ ጋር ፍየልና በግ ያረባል። ለቤተሰባችሁ የዘካ ማስሊያ ልትጽፉ አሰባችሁ እንበል። አቡበክር (ረ.ዐ) ለአነስ በጻፉትና ቡኻሪ በዘገቡት መልእክት መሠረት፣ በግጦሽ የሚኖሩና በባለቤታቸው እጅ ዓመት የሞላቸው ፍየሎችና በጎች ዘካ እንዲህ ነው፦

ከ40 በታች፦ ግዴታ የለም
ከ40 እስከ 120፦ 1
ከ121 እስከ 200፦ 2
ከ201 እስከ 300፦ 3
ከ300 በላይ፦ ለየመቶው 1

አሁን «ቁጥሩ ከ40 ከበለጠ 1 ይውጣ» ብላችሁ ጻፋችሁ። በ100 ፍየል ስትሞክሩት 1 ይላል፤ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ልክ 40 ፍየል ያለው ሰው ሲጠይቅ «ግዴታ የለብህም» ይለዋል። «ከ40 ከበለጠ» እና «40 ወይም ከዚያ በላይ» በኮድ ውስጥ የአንድ ምልክት ልዩነት ናቸው፤ በሜዳ ላይ ግን የአንድ ሚስኪን ሐቅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ስሕተት የሚደበቀው ድንበር ላይ ነውና ድንበሩን ፈትሹ።

ዘካ(39) = 0
ዘካ(40) = 1
ዘካ(120) = 1
ዘካ(121) = 2
ዘካ(200) = 2
ዘካ(201) = 3

ቀጥሎ ዘካ(301) ስንት ነው? ችኩል ፕሮግራመር 4 ይላል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን ሙሉ መቶ ስለሚቆጠር 400 እስኪሞላ ድረስ 3 ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ትምህርት ይመጣል፦ የሚጠበቀው መልስ ከኮዳችሁ ውጭ መምጣት አለበት። ኮዱን አስኬዳችሁ የወጣውን ቁጥር ቴስቱ ውስጥ ከገለበጣችሁ፣ ስሕተቱ ራሱን መስክሮ አለፈ ማለት ነው። መልሱን በቅድሚያ ከዐዋቂ ጠይቁ፤ ከዚያ ቴስቱን ጻፉ።

የእህል ዘካም እንዲሁ ነው። በዝናብ የበቀለ አንድ አሥረኛ፣ በወጪና በድካም በመስኖ የለማ አንድ ሃያኛ ይወጣለታል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከዝናብ እርሻ ሌላ ከጉድጓድ በፓምፕ በሚሳብ ውሃ የሚለማ ማሳ አለ። 20 ኩንታል በዝናብ ቢገኝ 2 ኩንታል፣ በፓምፕ ቢገኝ 1 ኩንታል ነው። ሁለቱ ሁኔታዎች በኮዱ ውስጥ ቢቀያየሩ ወይ ድሀው ወይ ገበሬው ይጎዳል። ለእያንዳንዱ አንድ ቴስት ይጻፍ።

ሦስተኛው ትምህርት፦ ኮዱን በነካችሁ ቁጥር ሁሉንም ቴስቶች እንደገና አስኪዱ፤ ትናንት የሠራ ነገር ዛሬ በተደረገ ማሻሻያ ሊበላሽ ይችላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን እናስታውሳለን። ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎች እንዲመልሱ አሳሰቡ። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገልጿል። የራሳችሁን የባንክ ፕሮግራም ለልምምድ ስትጽፉ «300 ብር ካለው ሒሳብ 500 ብር አይወጣም» የሚለው ቴስት አይቅር።

መሣሪያው በእጃችን ነው። ለጃቫ በ1997 እ.ኤ.አ. ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የጀመሩት ጄዩኒት አለ፤ ፓይተን ደግሞ ዩኒትቴስት የተባለውን ይዞ ይመጣል፣ ተጨማሪ መጫን አያስፈልግም።

ይሁንና ዩኒት ቴስት ያልጠየቃችሁትን አይመልስም። ቴስቶች ሁሉ ቢያልፉም ያልተፈተሸ ስሕተት ሊኖር ይችላል፤ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ የሚፈጠረው ችግርም ሌላ ፍተሻ ይፈልጋል።

በዚህ ሳምንት ከጻፋችሁት ኮድ አንድ ፈንክሽን ምረጡና ሦስት ቴስት ጻፉለት፦ አንድ ከድንበሩ በታች፣ አንድ ድንበሩ ላይ፣ አንድ ከድንበሩ በላይ። ሰው በኮዳችን ተማምኖ ገንዘቡንና ዒባዳውን ሲያሰላ ሥራችን አማና ይሆናል። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።