የአድናቂነት ዕዳ
ከአንድ የሮክ ባንድ ወዳጆች ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

«እኔ የእገሌ አድናቂ ነኝ» ሲባል በየመኝታ ክፍላችንና በየሻይ ቤቱ እንሰማለን። አንዱ የዘፋኙን ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ሁለተኛው ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ያወርዳል፤ ሦስተኛው ደግሞ የወደደው ሰው ሲነቀፍበት ጠብ ያነሣል። ከሦስቱ እውነተኛው አድናቂ ማንኛው ነው ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ ቶሎ አይገኝም። እኔ በበኩሌ የአድናቂነት መለኪያው የስሜት ግለት አይደለም ባይ ነኝ። መለኪያው አድናቂው ለወደደው ነገርና ያንኑ ነገር አብረውት ለሚወዱት ሰዎች የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ይህን አሳብ ለመመርመር የሚያመች አንድ ታሪክ አለ። እሱም ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከከተማ ከተማ የተከተሉት ወዳጆቹ ታሪክ ነው። ወዳጆቹ «ዴድሄድ» የሚባል የራሳቸው መጠሪያ ነበራቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

1. የስሙ ምሥጢር

ባንዱ በ1965 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ ተቋቋመ። ጄሪ ጋርሲያና ቦብ ዌር ጊታር፣ ፊል ሌሽ ቤዝ ጊታር፣ ቢል ክሩትዝማን ከበሮ፣ ሮን ማከርናን ደግሞ ኦርጋንና ሃርሞኒካ ይዘው ተነሡ። መጀመሪያ ዋርሎክስ ይባሉ ነበር። ከዚያ ጋርሲያ አንድ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «ግሬትፉል ዴድ» የሚል አገኘ፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ውለታ የማይረሳ ሙት» እንደ ማለት ነው።

ይህ ስም የአንድ ጥንታዊ ተረት ስም ነው። አንድ መንገደኛ ዕዳ ሳይከፍል ስለ ሞተ ሳይቀበር የተጣለ የማያውቀውን ሰው ሬሳ ያገኛል። ያለውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ዕዳውን ይከፍልለትና ያስቀብረዋል። በኋላ መንገደኛው በጭንቅ ላይ ሲወድቅ አንድ እንግዳ ሰው ደርሶ ያድነዋል፤ ለካስ ያ እንግዳ የተቀበረው ሰው ኖሯል። ተረቱ በብዙ አገሮች በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል። የተረት ተመራማሪዎችም የወገኖቹን ሬሳ እየሰበሰበ ይቀብር ስለ ነበረው ስለ ጦቢት ከሚናገረው፣ እኛም በመጽሐፍ ቅዱሳችን ከምናውቀው ከመጽሐፈ ጦቢት ጋራ ያዛምዱታል። ተመልሶ ይከፍለኛል ሳይሉ ለማያውቁት ሰው ማድረግ የሚለው አሳብ ወደ ፊት ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

2. ለምን ተከተሉት?

ባንዱ ከ1965 እስከ 1995 ድረስ ወደ 2,300 የሚጠጋ ኮንሰርት አሳይቷል። አንድ ሰው ያንኑ ባንድ መቶ ጊዜ ለመስማት ለምን ይደክማል? ምክንያቱ የአንዱ ሌሊት ኮንሰርት የሌላውን ሌሊት አለመምሰሉ ነው። የሚጫወቱት የዘፈን ተራ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ አንዱ ዘፈን ዛሬ ስምንት ደቂቃ ቢወስድ ነገ ሃያ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ መሣሪያዎቹም እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ ካልታሰበበት ቦታ ይደርሳሉ። የእኛ አዝማሪ በፊቱ የተቀመጠውን ሰው እያየ ግጥሙን እንደሚለዋውጥ ሁሉ፣ እነዚህም ሰዎች የሌሊቱን ሁኔታ እያዩ ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሁሉን ሰማሁ ሊል አይችልም ነበር።

በዚህ አሠራር ግን መጥፎ ሌሊትም አይታጣም። ግጥም የሚረሳበት፣ ድምፅና ዜማ የማይገጥሙበት ጊዜ ነበር። የረጅም ዘመን ወዳጆቹ ይህን አልደበቁም። የትኛው ዓመት መልካም፣ የትኛው ደካማ እንደ ነበረ እየመዘገቡ ይከራከሩ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ለብዙ ዘመን ማድነቅ ማለት ጉድለትን አለማየት አለመሆኑን ነው። ጉድለቱን አይቶ የተመለሰ ሰው ነው አድናቂ የሚባለው።

በ1971 ባንዱ ባወጣው ሸክላ ሽፋን ውስጥ፣ ወዳጆቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን እንዲልኩ የሚጠይቅ አጭር ማስታወቂያ ታተመ። ደብዳቤው ጎረፈ፤ ባንዱም ወሬውን በፖስታ ይልክላቸው ጀመር። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ የኮንሰርት ትኬት ከባንዱ ከራሱ ጽሕፈት ቤት በፖስታ ማዘዝ ተቻለ። ወዳጆቹም ትኬት የሚጠይቁበትን ፖስታ በቀለምና በሥዕል አስጊጠው ይልኩ ነበር። እንዲህ እያለ በየከተማው ተበታትኖ የነበረው ሰሚ ራሱን እንደ አንድ ማኅበር ማየት ጀመረ።

3. የካሴቱ ሕግ

የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንስቶ አንዳንድ ወዳጆች መቅረጫና ማይክሮፎን ይዘው እየገቡ ኮንሰርቱን ይቀርጹ ነበር። ሌሎች ባንዶች እንዲህ ያለውን ሰው ሲያገኙ ቴፑን ነጥቀው ያባርሩት ነበር። የግሬትፉል ዴድ ሰዎች ግን ነገሩን በቸልታ አለፉት። በኋላም የቀረጻው መሣሪያ በዝቶ የሌላውን ተመልካች ዓይን ሲከልል፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን የሚይዘውንም ባለሙያ ሲያስቸግር፣ ከጥቅምት 1984 ጀምሮ ለቀራጮች ከመቆጣጠሪያው በስተኋላ የተለየ ቦታ ተሰጣቸው፤ የተለየ ትኬትም ወጣላቸው።

ከዚህ የተነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች በአገሩ ውስጥ ተሠራጩ። ሥርጭቱን የገዛው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ካሴት ይሰጣል ወይም በካሴት ይለወጣል እንጂ አይሸጥም የሚል ነው። ብዙ ካሴት ያለው ሰው ለሌላው ይገለብጥለታል። ምንም የሌለው ጀማሪ ደግሞ ባዶ ካሴትና የመመለሻውን ቴምብር ይልካል፤ ባለ ካሴቱም በነፃ ሞልቶ ይመልስለታል። ያ ጀማሪ ሲጠነክር በተራው ለሌላ ጀማሪ ያንኑ ያደርጋል። ይህን ደንብ ያስከበረ ዳኛም ፖሊስም አልነበረም። ሻጭ ሆኖ የተገኘ ሰው ከማኅበሩ ዘንድ ያፍር ነበር፤ ሌላው ካሴት ይነፍገው ነበር፤ ቅጣቱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ጥቂት መለስ ብንል አይከፋም። የሙዚቃ ካሴት በእኛም ከተሞች ሲገለበጥ ኖሯል፤ ሆኖም የሚገለበጠው ለሽያጭ ነበር። ገልባጩ ሲከብር ድምፃዊውና ባንዱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመጣውም እንዲህ ያለውን በደል ለመከላከል ጭምር ነው። መሣሪያው አንድ፣ ሥራውም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ እንዲህ የተለያየው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ግሬትፉል ዴድ የሚኖረው በሸክላ ሽያጭ ሳይሆን በኮንሰርት ገቢ ስለ ነበረ፣ የተሠራጨው ካሴት አዲስ ሰው ይጠራለት ነበር። የእኛ ድምፃዊ ግን ካሴቱ ራሱ እንጀራው ነበር። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ከባለቤቱ የመጣ ነው። ሦስተኛ፣ አድናቂው ራሱ በራሱ ላይ ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ «አሜሪካኖቹ ፈቅደዋልና እኛም እንገልብጥ» የሚል ክርክር መሠረት የለውም።

4. በድግሱ መካከል የነበረው ሐዘን

ታሪኩን በማር ብቻ ቀብቼ ባቀርበው ሐሰተኛ እሆናለሁ። በባንዱም በተከታዮቹም ዘንድ አደንዛዥ ዕፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር። ጋርሲያ ራሱ ለብዙ ዓመት የሄሮይን ሱሰኛ ነበር፤ በ1986 በስኳር በሽታ ራሱን ስቶ ለሞት ተቃርቦ ተረፈ። ትምህርቱንና ሥራውን ጥሎ ባንዱን ሲከተል ዕድሜው ያለፈ ሰውም ነበር።

ሆኖም መድኃኒት ለመፈለግ የተነሡት እነዚሁ አድናቂዎች ናቸው። በ1980ዎቹ ዋርፍ ራትስ የተባሉ፣ ከመጠጥና ከዕፅ የራቁ ወዳጆች ተሰባሰቡ። በኮንሰርቱ አዳራሽ ቢጫ ፊኛ ሰቅለው ይቆሙና በዕረፍቱ ሰዓት ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ያበረታታ ነበር። ሙዚቃውን አልተዉም፤ ሙዚቃውን የሚሰሙበትን መንገድ ለወጡ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የአድናቂነት ሥራ ይህ ነው።

5. ፍቅር በዝቶ ደንብ ሲጠፋ

በ1987 ከባንዱ ዘፈኖች አንዱ በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ 9ኛ ሆነ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደ መጀመሪያዎቹ ዐሥር የገባ ሌላ ዘፈን አልነበራቸውም፤ ከዚያም በኋላ አልገባላቸውም። ከዚያ ወዲህ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ብዙዎቹ ትኬት አልያዙም፤ የመጡት በአዳራሹ ውጭ በመኪና ማቆሚያው ለሚደረገው ገበያና ፈንጠዝያ ነበር። የየከተማው ነዋሪና ባለ ሥልጣን አጉረመረመ። ባንዱም በ1989 በአዳራሾቹ ዙሪያ መነገድና ድንኳን ተክሎ ማደር እንዲቀር ጠየቀ፤ ሰሚው ግን ጥቂት ነበር።

ሐምሌ መጀመሪያ 1995 በኢንዲያና ግዛት፣ ዲር ክሪክ በተባለው ሥፍራ፣ ትኬት የሌላቸው ብዙ ሰዎች አጥሩን ጥሰው ገቡ። ውስጥ ካሉትም በእልልታና በጭብጨባ የተቀበሏቸው ነበሩ። በማግስቱ ሊደረግ የታሰበው ኮንሰርት ተሰረዘ። የባንዱ ሰዎች ለወዳጆቻቸው በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ትኬት የሌለው አይምጣ፣ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ከከተማ ከተማ መዞራችን ያበቃል ሲሉ አስጠነቀቁ። አንድ ሳምንት አልፎ፣ ሐምሌ 9 ቀን፣ በቺካጎ የመጨረሻውን ኮንሰርት አሳዩ። ነሐሴ 9 ቀን 1995 ጄሪ ጋርሲያ ከሱሱ ለመዳን በገባበት ማገገሚያ በ53 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ባንዱ መበተኑ ተነገረ።

አጥሩን ያፈረሱት ሰዎች ባንዱን የሚጠሉ አልነበሩም፤ እንወዳለን የሚሉ ነበሩ። እነሆ ፈተናው! ካሴት በነፃ የሰጠውና አጥር ያፈረሰው ሁለቱም «ሙዚቃ የሁሉ ነው» ብለው ይናገሩ ይሆናል። ነገር ግን የመጀመሪያው ከራሱ አውጥቶ ሰጠ፤ ሁለተኛው ከሌላው ነጥቆ ወሰደ።

6. ከመለያየት በኋላ

ባንዱ ከተበተነ በኋላ የአድናቂው ሥራ አልቆመም። ግንቦት 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ በባርተን ሆል የተደረገውን ኮንሰርት የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ቤቲ ካንተር ጃክሰን ቀርጻው ነበር። እሷ የቀረጸቻቸው ብዙ ቴፖች በዕቃ ማከማቻ ተቀምጠው ሳለ በ1986 በጨረታ ተሸጡ፤ በወዳጆች እጅም ገብተው እየተጠገኑ ተሠራጩ። የኮርኔሉ ቅጂ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከሚመዘግባቸው የድምፅ ቅርሶች መካከል በ2011 መዝገብ ውስጥ ገባ። የባንዱ ጽሑፎችና ዕቃዎችም በ2008 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሳንታ ክሩዝ ቅርንጫፍ ተሰጡ።

ክርክርም አልጠፋም። ወዳጆች ቅጂዎቹን ሰብስበው ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የነፃ ማኅደር አስቀምጠው ነበር። በ2005 የባንዱ ወገን ማውረዱ እንዲቆም ጠየቀ፤ አድናቂዎች ተቆጡ። በመጨረሻ ተመልካች የቀረጸውን ማውረድ፣ በባንዱ መቆጣጠሪያ በኩል የተቀረጸውን ግን እዚያው መስማት ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ጠበኞች ሆነው ሳለ በስምምነት መለያየታቸው የቆየ ወዳጅነት ፍሬ ነው።

7. ማጠቃለያና የመወያያ ጥያቄዎች

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ አድናቂ ጉድለት ያያል፤ ይናገራልም። ሁለተኛው፣ ያገኘውን ለሚመጣው ሰው ያስተላልፋል። ሦስተኛው፣ ፍቅሩ በራሱ ላይ ሕግ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ሦስቱ ከሌሉ የቀረው ጩኸት ብቻ ነው።

በየክበቡ ብንወያይባቸው ጥቅም ያላቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤

ሀ) ከሚያደንቁት ሰው ሱስና ሕመም ፊት የአድናቂ ኀላፊነት ምን ድረስ ነው? ትኬት እየገዛ ማጨብጨቡ ይረዳዋል ወይስ ይገድለዋል?

ለ) አንድ ማኅበር ቁጥሩ ሲበዛ ደንቡን ለአዲስ ገቢው ማስተማር ያለበት ማን ነው?

ሐ) እኛ የምናደንቃቸው የአገራችን ሙዚቀኞች ሥራ ለሚቀጥለው ትውልድ እንዲቆይ እያንዳንዳችን ምን አድርገናል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ለራሴ ሳቀርበው መልስ አጣሁለት፤ ይህንም ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ነው። የተረቱ መንገደኛ ያስቀበረው ሰው ዘመዱ አልነበረም፤ ውለታ ይመልስልኛል ብሎም አልከፈለለትም። አሳቤን የሚቃወም ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሣ።