ባዶ የቢሮ ወለልን ክሊኒክ ማድረግ፦ ሥራው ከቧንቧው ይጀምራል

ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከሣር ቤት እስከ ሃያ ሁለት ባሉ ባለ መስታወት ሕንፃዎች ላይ «ለቢሮ የሚሆን ቦታ ይከራያል» የሚል ጨርቅ ማየት ብርቅ አይደለም። መንገድ ዳር ያለውን ባንክ ይይዘዋል፣ ከላዩ ካፌ ይከፈትበታል፣ ከዚያ በላይ ያለው ወለል ተከራይ ሲጠብቅ ይከርማል። ተባብረው ክሊኒክ ለመክፈት የሚያስቡ ሐኪሞች ዐይን የሚያርፈውም እዚያ ላይ ነው። ኮርኒሱ ተሠርቷል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ ሊፍት አለ፤ ወንበርና አልጋ ማስገባት ብቻ የቀረ ይመስላል። ቢሮ ግን የሚሠራው ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሚውሉ ሰዎች ነው፤ ውኃ የሚፈልጉት ሽንት ቤት ሲሄዱ ብቻ ነው። ክሊኒክ ደግሞ በየክፍሉ እጅ ይታጠባል፣ ደም ይቀዳል፣ ዕቃ ይቀቀላል፣ የሚያስለው ከማያስለው ጋር ተራ ይጠብቃል። እዚህ የምዘረዝረው ከ300 እስከ 400 ካሬ ሜትር ያለው አንድ ወለል ተከራይቶ መካከለኛ ክሊኒክ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ነው።

አንደኛ፦ ደረጃውን ወስኖ መነሣት

ቤት ከማየት በፊት የሚከፈተው ክሊኒክ ደረጃ መታወቅ አለበት። የመጀመሪያ ደረጃ ነው? መካከለኛ ነው? ወይስ እንደ ዓይን፣ ጥርስ ወይም ቆዳ ያለ የአንድ ዘርፍ ስፔሻሊቲ ክሊኒክ? የክፍሉ ብዛትና ስፋት፣ የባለሙያው ዓይነት፣ የመሣሪያው ዝርዝር የሚወጣው ከዚህ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2004 ዓ.ም. ለየጤና ተቋሙ ያወጣቸው ደረጃዎች አሉ፤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ዛሬ በእጁ ይዞ የሚመዝንበትን ቅጂና የቁጥጥር ቅጽ እዚያው ቢሮ ሄደው ይውሰዱ። ከጓደኛ ክሊኒክ የተቀዳ ዝርዝር አይበቃም። ቅጹን ይዞ ቤት የሚያይና ቤት ይዞ ቅጽ የሚያነብ ሰው ወጪያቸው አንድ አይሆንም።

ሁለተኛ፦ ሜትር ይዞ መግባት

የመጀመሪያው ጉብኝት የመስኮት እይታ የሚደነቅበት አይደለም። ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ፤ ከተቻለ የሕንፃውን የስትራክቸርና የሳኒተሪ ፕላን ከባለቤቱ ይጠይቁ። ፕላኑ «ጠፍቷል» ከተባለ ሌላ ሕንፃ ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ የሚለካው ሊፍቱ ነው። በቢሮ ሕንፃ የተለመደው ስምንት ሰው የሚይዘው ሊፍት ውስጡ 1.10 በ1.40 ሜትር ነው። ዊልቸር ይገባበታል፣ የተጋደመ ሰው ያለበት ቃሬዛ ግን አይገባም፤ ለቃሬዛ 2.10 ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልጋል። ሊፍቱ አጭር ከሆነ ክሊኒኩ ከመሬት ወለል ወይም ከአንደኛ ፎቅ በላይ ባይወጣ እመክራለሁ። አከራዩ «ወንበር ላይ አስቀምጦ ማውረድ ይቻላል» ይላል፤ ራሱን የሳተ ሰው ግን ወንበር ላይ አይቀመጥም። ቀጥሎ ደረጃው ይለካል፤ በተለይ መታጠፊያው ላይ አራት ሰው ቃሬዛ ይዞ መዞር ይችል እንደሆነ ይታያል። የመኪና ማቆሚያው ከሕንፃው ሥር ከሆነ የመግቢያውን ከፍታ ይለኩ፤ ላዩ ላይ መብራት የተገጠመለት አምቡላንስ የማያስገባ ምድር ቤት ብዙ ነው።

የመግቢያ ደረጃ ካለ ራምፕ ይታሰብ። 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ይጠይቃል። ከመንገዱ አንሥቶ እስከ በሩ ያን ያህል ቦታ ከሌለ ጉዳዩ ከአከራዩ ጋር ገና ከጅምሩ ይነሣ።

ሦስተኛ፦ ውኃው የት ይወርዳል?

አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በቢሮ ሕንፃ ውኃና ፍሳሽ የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሻፍት፣ ማለትም ቧንቧዎች ከፎቅ ፎቅ በሚያልፉበት ቀጥ ያለ ክፍተት፣ ነው፤ እሱም ሽንት ቤቶቹ አጠገብ፣ ከሊፍቱ ጀርባ ይሆናል። የተቀረው ወለል ደረቅ ነው። አርክቴክቱ እንግዳ መቀበያውን በር ላይ፣ የሐኪሞቹን ክፍሎች መስኮት ዳር፣ ላብራቶሪውን በቀረው ጥግ አድርጎ የሚያምር ፕላን ይሥላል። ቧንቧ ሠሪው ሲመጣ ላብራቶሪው ከሻፍቱ 8 ሜትር ርቆ ይገኛል።

እስቲ እናስላው። ፍሳሽ በራሱ እንዲወርድ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ይፈልጋል። በ8 ሜትር 16 ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የሽንት ቤት ቧንቧ ከሆነ የራሱ ውፍረት 11 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል፤ 27 ሳንቲ ሜትር። ቧንቧው በሶሌታው ላይ እንዲሄድ ከተፈለገ ወለሉ ቢያንስ በዚህ ልክ መነሣት አለበት። ወለሉ ሲነሣ ክሊኒኩ መሐል ደረጃ ይፈጠራል፤ ደረጃው ራምፕ ይጠይቃል፤ ለ27 ሳንቲ ሜትር የሚሠራው ራምፕ ከ3 ሜትር በላይ ርዝመት ይበላል። ኮሪደርዎ ያን ያህል ትርፍ ቦታ አለው?

ሌላው መንገድ ሶሌታውን በስቶ ቧንቧውን ከታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ውስጥ ማስኬድ ነው። ሥራው ይቻላል፤ ግን ከታች ያለው ተከራይ ማነው? የሕግ ቢሮ ወይም ባንክ ከሆነ የላብራቶሪ ፍሳሽ ከሰነዱ በላይ እንዲያልፍ በቀላሉ አይፈቅድም። መብሳቱም ቢሆን መሐንዲስ ሳያይ አይደረግም፤ ውስጡ ያለው ብረት ከተቆረጠ ጥፋቱ የሚተርፈው ለሕንፃው ሁሉ ነው።

ስለዚህ ፕላን ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። በመጀመሪያ ሻፍቱ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ላብራቶሪው፣ የመሣሪያ ማጽጃው፣ የፕሮሲጀር ክፍሉ፣ የቆሻሻ ውኃ መድፊያውና የሕመምተኛ ሽንት ቤቱ ይሰደራሉ። የናሙና ሽንት ቤቱ ከላብራቶሪው ጋር ግድግዳ ቢጋራ ሽንት የያዘ ኩባያ ኮሪደር አቋርጦ አይሄድም። የምርመራ ክፍሎች የእጅ መታጠቢያ ብቻ ስለሚፈልጉ ቧንቧቸው ቀጭን ነው፤ ትንሽ ራቅ ቢሉ ችግር የለውም። ሁለት ሁለት ክፍል ጀርባ ለጀርባ ከተደረገ ለሁለት መታጠቢያ አንድ መስመር ይበቃል። ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ መቀበያ፣ የአስተዳደር ቢሮና መጋዘን ደረቁ ቦታ ላይ ይሂዱ።

አራተኛ፦ ውሉ የሚፈረመው አሁን ነው

ቧንቧው የት እንደሚያልፍ ካወቁ በኋላ ከአከራዩ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ያውቃሉ። የቤት ኪራይ ውል ብዙውን ጊዜ ስለ ዋጋና ስለ ቅድመ ክፍያ ያወራል፤ ለክሊኒክ የሚያስፈልገው ከዚያ ይሰፋል። ቦታው ለጤና አገልግሎት እንደሚውል በግልጽ ይጻፍ። ሕንፃው ለቢሮ የተፈቀደ ከሆነ የአገልግሎት ለውጥና የማሻሻያ ግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሕንፃ አዋጁ ስለሚመለከተው ማመልከቻው በባለቤቱ በኩል መሄድ እንዳለበትና ማን ወጪውን እንደሚሸፍን በውሉ ይግባ። ወደ ሻፍቱና ወደ ታችኛው ኮርኒስ ለጥገና መግባት፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ ማስቀመጥ፣ ጄኔሬተር ማቆም፣ በማታና በእሑድ በር ማስከፈት፣ ታፔላ መስቀል ሁሉም ይጻፍ። ውሉ ሲያልቅ የተሠራው ግድግዳና ቧንቧ የማን ነው የሚለውም እንዲሁ።

የሁለት ዓመት ውል ይዞ ግድግዳ ማፍረስ አይመከርም። ግንባታው የሚወስደው ጊዜ ከኪራይ ነፃ እንዲሆን ይደራደሩ፤ ቦታው ሲከርም የኖረ ከሆነ አከራዩ ይሰማል። ፊርማው በሰነዶች ማረጋገጫ ይጽና።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ የጥበቃው ፍተሻ። የሕንፃው ጥበቃ የሚገባውን ሁሉ እጁን አስዘርግቶ ይፈትሻል። ምጥ የያዛት ሴት ወይም ክንዱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ከሕንፃው አስተዳደር ጋር በጽሑፍ መስማማት ይገባል።

አምስተኛ፦ ግድግዳና ወለል

የምርመራ ክፍል 3 በ4 ሜትር ቢሆን አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መታጠቢያና አስታማሚ ያለ ጭንቅንቅ ይይዛል። በሩ ዊልቸር እንዲያሳልፍ ክፍተቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቃሬዛ በሚገባበት ክፍል 1.20 ሜትር ይሁን። ኮሪደሩ ላይ ወንበር የሚደረደር ከሆነ የኮሪደሩ ወርድ የሚለካው ወንበሩና የተቀመጠው ሰው እግር ከተቀነሰ በኋላ ነው።

ቢሮ ሲከፋፈል ጂፕሰም ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ይቆማል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍት ስለሆነ ድምፅ በዚያ በኩል ይሻገራል፤ ስለ ማህፀን ፈሳሽ የምትጠየቅ ሕመምተኛ መልስ ተራ ጠባቂው ጋ ይደርሳል። ግድግዳው ኮርኒሱን አልፎ እስከ ላይኛው ሶሌታ ይድረስ፤ መሐሉም ድምፅ በሚውጥ ጥጥ ይሞላ። መታጠቢያ ወይም መደርደሪያ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቦርዱ ሳይዘጋ በፊት ከውስጥ ጣውላ ወይም ብረት ይደረግ።

ምንጣፍ ካለ ይነሣ። በፕሮሲጀር ክፍልና በላብራቶሪ ውስጥ ተበይዶ አንድ የሚሆን ቪኒል፣ ጠርዙ ተጠምዝዞ ግድግዳው ላይ ወጥቶ እንደ ዞኮሎ የሚያገለግል ቢሆን ይመረጣል፤ የሴራሚክ መጋጠሚያ ደም ሲመጥ ይኖራል። በሌላው ቦታ ሴራሚክ ይበቃል፣ የሚያንሸራትት ካልሆነ።

ስድስተኛ፦ አየር

ባለ መስታወት ሕንፃ ብዙ ብርሃንና ትንሽ መስኮት አለው። ሳምባ ነቀርሳ ባለበት አገር ተራ መጠበቂያው የታፈነ መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለተመላላሽ ሕክምና በሰው በሴኮንድ 60 ሊትር አየር እንዲገባ ይመክራል። ያው መመሪያ ቀላል ስሌት አለው፤ የነፋሱ ፍጥነት በሜትር በሴኮንድ፣ ሲባዛ በትንሿ ክፍተት ስፋት በካሬ ሜትር፣ ሲባዛ በ1000፤ ከዚያ መስኮት ትይዩ ከሆነ በ0.65፣ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ በ0.05 ይባዛል። ነፋሱ በሴኮንድ 1 ሜትር፣ የሚከፈተው ክፍተት 1 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ትይዩ መስኮት 650 ሊትር ይሰጣል፤ ለአሥር ሰው ይበቃል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ 50 ሊትር ነው፤ ለአንድም ሰው አይሞላም።

ስለዚህ መጠበቂያው በሁለት ወገን መስኮት ያለው ጥግ ይሁን፤ ያ ጥግ የባለቤቶቹ ቢሮ እንዲሆን የሚፈልግ አይጠፋም፣ እምቢ ይበሉ። የማይከፈት መስታወት ካለ ባለቤቱን አስፈቅዶ መክፈቻ ማስገጠም ይቻላል። ኤሲ አየሩን አቀዝቅዞ እዚያው የሚያሽከረክር ከሆነ አየር ቀየረ አይባልም። አክታ የሚሰጥበት ቦታ ከተቻለ በረንዳ ላይ ይሁን።

ሰባተኛ፦ ራጅ ካለ

ራጅ የሚገባ ከሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ሁለት ሰው ይጠሩ፤ የስትራክቸር መሐንዲስና የጨረራ መከላከያ ባለሙያ። የመጀመሪያው ሶሌታው ክብደቱን ይችል እንደሆነ፣ ሁለተኛው ግድግዳው ምን ያህል እርሳስ ወይም ኮንክሪት እንደሚፈልግ ያሰላል። ፎቅ ላይ ሲሆን ጨረሩ ወደ ጎን ብቻ አይሄድም፤ ከታችና ከላይ ሙሉ ቀን የሚቀመጡ የቢሮ ሠራተኞች አሉ። ባዶ ልብ ያለው ብሎኬት ብቻውን ይበቃል ብሎ መገመት አይገባም። ፈቃዱ በጨረራና ኒዩክለር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 መሠረት ከሌላው ለብቻው ነው። አጠገብ ጥሩ የምርመራ ማዕከል ካለ ራጁን መተውና ውል መያዝ ለጀማሪ ክሊኒክ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አልትራሳውንድ ይህን ሁሉ ጣጣ አይጠይቅም።

ስምንተኛ፦ ሮቶ፣ መብራትና ቆሻሻ

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መጠባበቂያ ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ተመላላሽ ሕመምተኛ 5 ሊትር ነው፤ በውኃ የሚወርድ ሽንት ቤት፣ ጽዳትና ላብራቶሪ ሲጨመር ቁጥሩ በብዙ ያድጋል። 5000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ይመዝናል፤ ጣሪያው ላይ የት እንደሚያርፍ መሐንዲሱ ይንገርዎ፤ ዓምድ ላይ እንጂ መሐል ሶሌታ ላይ አይሁን።

የክትባትና የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር ይገናኝ፤ ቴርሞ ሜትሩም በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይነበብ። የላብራቶሪ ማሽኖች ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ይፈልጋሉ። ኦቶክሌቭና ራጅ ተጨማሪ ኃይል ስለሚስቡ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማመልከቻው ቀደም ብሎ ይግባ፤ ግንባታ አልቆ ቆጣሪ መጠበቅ ያበሳጫል።

በቢሮ ሕንፃ ውስጥ ማቃጠያ አይሠራም፤ ስለዚህ ተላላፊ ቆሻሻን ከሚያስወግድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ጋር ውል ይያዙ። ሦስት አራተኛው የሞላ የመርፌ ሳጥን ተዘግቶ እስኪወሰድ የሚቀመጥበት የሚቆለፍ ክፍል ያስፈልጋል። የሚወጣበት ሰዓትም ከሕንፃው አስተዳደር ጋር ይወሰን፤ ሊፍቱን ከካፌው ደንበኞች ጋር መጋራት የለበትም።

ዘጠነኛ፦ ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት

ቪኒሉ ሳይነጠፍና ኮርኒሱ ሳይዘጋ ቧንቧው ሁሉ በውኃ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ይታይ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም መታጠቢያ በአንድ ጊዜ ይከፈት። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ ቃሬዛ ላይ ይተኛና ከመጨረሻው ክፍል ተነሥቶ እስከ መኪናው ድረስ ይወሰድ፤ አንድ ጊዜ በሊፍት፣ አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቷል ተብሎ በደረጃ። ዋናው መብራት ይጥፋና ጄኔሬተሩ ሲነሣ የትኛው ክፍል ጨለማ እንደቀረ ይመዝገብ። ሲጨርሱ የተሠራው የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ፕላን ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ለሕንፃው አስተዳደር ይሰጥ፣ አንዱ ካርድ ክፍል ይቀመጥ።