ቁልፉ አንድ ብቻ ሲሆን

«እትዬ፣ ለንደን ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው፤ የምተዳደረው አውቶቡስ በመንዳት ነው። ልጄ 13 ዓመት ሲሞላው ሰፈራችን ያለ የወጣቶች ካዴት ቡድን ውስጥ ገባ። ማታ ማታ ላደርሰው ስሄድ ‹አንተስ ለምን አታግዘንም?› አሉኝና በዚያው ቀረሁ። ልጄ 18 ሞልቶት ወጣ፤ እኔ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ዩኒፎርሜን ለብሼ የሰው ልጅ ሳሰልፍ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ያስመረረኝ አስተዳደሩ ነው። የቅዳሜ ጠዋት ጉዞ የሚነገረን ዓርብ ማታ ነው። ሺፍት ለምኜ ቀይሬ የተዘጋጀሁበት ካምፕ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰረዘ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አንዱን የኦንላይን ሥልጠና ሦስት ጊዜ አስወስደውኛል። ሰባት የነበርን አሁን ሦስት ቀርተናል። በዋትሳፕ ግሩፓችን ቅሬታዬን ብጽፍ አዛዡ ‹ያልተመቸው መሄድ ይችላል› ብሎ መለሰ። ባለቤቴም ‹ለማያመሰግንህ ሰው ቤትህን ትተህ ትዞራለህ› ትለኛለች። እንዳልተወው የአዳራሹ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው፤ ከቀረሁ ልጆቹ ብርድ ላይ ይቆማሉ። ምን ይሻለኛል?

ባለቁልፉ፣ ከደቡብ ለንደን»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፤ ከቀነስኩት ውስጥ ግን አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጫማዋ ተጫጭሮ መጣች አልከኝ። አጠገቧ ተንበርክከህ፣ አሮጌ ጨርቅ ጣትህ ላይ ጠምጥመህ፣ ቀለሙን ነካ፣ ውሃ ጠብ እያደረግክ፣ የጣሪያው መብራት ጫማዋ ጫፍ ላይ እስኪታያት ድረስ አሳየሃት። ከዚያ ወዲህ አንድም ምሽት ቀርታ አታውቅም ብለሃል። የሚያመሰግንህ ባታገኝም ሥራህ ፍሬ አለው።

ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ነገር ደግሞ አለ። ከአዛዡ ጋር ቁጭ ብለህ፣ ለብቻችሁ ተነጋግራችሁ አታውቁም። ሁሉም በሚያነበው ግሩፕ ላይ መጻፍ ለሰውየው እንደ መንገር አይቆጠርም፤ ሰው ፊት የተወቀሰ ሰው መጀመሪያ ራሱን ይከላከላል። መልሱ ነውር ነበር፤ ጊዜውን በነጻ ለሚሰጥ ሰው በሩ አይጠቆምም። ቢሆንም ይሉኝታ ይዞን ሆዳችን እስኪብስ ዝም እንልና የተናገርን ቀን እንፈነዳለን።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። ለአራት ዓመት ያህል እዚሁ አገር ሕፃናትን በነጻ አስተምር ነበር። መርሐ ግብሩ ሳይነገረኝ ይቀየራል፣ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፤ ችዬ ችዬ አንድ እሑድ ሳልናገር ቀረሁ። ከወራት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ያገኘችኝ ተማሪዬ «ምን አስቀይመንዎት ነው የጠፉት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ አዛዡን ሰልፍ በሌለበት ቀን ቡና ጋብዘው። እሱም እንዳንተ ከሥራ ወጥቶ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል። የእሱን ጥፋትና ከላይ የወረደውን ለይ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የአየር ካዴቶች የግላይደር በረራ በአውሮፕላኖቹ ደህንነት ሥጋት በመላው ብሪታንያ ሲቆም፣ በ2016ም ብዙዎቹ የግላይደር ክፍሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን፣ ዕድሜያቸውን እዚያ የሰጡ በጎ ፈቃደኞች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል፤ የየአካባቢው አዛዥ ግን ሊያስቀረው የሚችል ነገር አልነበረም። የካምፑን መሰረዝ ማን እንደወሰነ ጠይቀው። የዓርብ ማታው መልእክት ግን የእሱ ነው፤ ከፈለገ ነገ ሊያስተካክለው ይችላል።

ሦስት ነገር ብቻ ጠይቀው፤ የጉዞ ፕሮግራም ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገረን፣ የሚሰረዝ ነገር ከነምክንያቱ ይነገረን፣ የወሰድነው ሥልጠና ይመዝገብልን። የተነጋገራችሁትን የዚያኑ ዕለት በኢሜይል ጻፍለት፤ አንድ ወር ስጠው። ካልመለሰ ከእሱ በላይ ላለው ኃላፊ በድርጅቱ የቅሬታ ሥርዓት አቅርብ። የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ያዋጣኛል ብለህ ግን አትቁጠር። ያለ ውል የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ በሥራ ላይ አድልዎን በሚከለክለው ሕግ እንደ ሠራተኛ እንደማይጠበቅ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ወስኗል። ልጅ ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ካየህ ደግሞ ወር የለም፣ ቡና የለም፤ የዚያኑ ቀን ለልጆች ደህንነት ኃላፊው አሳውቅ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ እውነቷን ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ሁለቴ፣ በዓመት 46 ሳምንት ብንል 230 ሰዓት ነው፤ ጉዞና ካምፕ ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ ከእሷ ላይ የተወሰደ ጊዜ ነው። እስኪለይለት ድረስ ሐሙስን ለእሷ መልስላት፤ ለአዛዡም አስቀድመህ ንገረው።

ልጆቹ ብርድ ላይ ይቆማሉ ላልከው፣ ቁልፉን የምታስቀርጸው ስንት ብር ሆኖ ነው? አዛዡን አስፈቅደህ ለሁለቱ ባልደረቦችህ አንድ አንድ ይኑራቸው። አንድ ሰው ታሞ ሲቀር የሚዘጋ አዳራሽ ከሆነ ችግሩ የአንተ መቅረት አይደለም። እኔ ግን ደብዳቤህን ሳነብ ቁልፉን ከእጅህ ማውጣት አንተም ትንሽ የፈራህ መስሎኛል፤ ያለ እሱ ማን እንደምትሆን አስበህበት ይሆን?

ወሩ አልፎ ምንም ካልተለወጠ ውጣ፤ አልፈርድብህም። ግን በዋትሳፕ እንዳይሆን። የትምህርት ወቅቱ ሲያልቅ፣ ዩኒፎርምህን እንደለበስክ ፊታቸው ቆመህ እንደምትሄድ ንገራቸው። የጫማዋን ልጅ ደግሞ ከሰልፉ በፊት ለብቻዋ ጥራት፤ እሷ ከሌላ ሰው አትስማ።