አንድ ዝላይ አይቆጠርም

ቪዲዮውን አይተኸዋል። አንድ ወጣት ጣሪያ ላይ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ማዶ ካለው ሕንፃ ላይ ያርፍና ሩጫውን ይቀጥላል። አንተም «ይሄማ ተሰጥኦ ነው!» ብለህ ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ አለፍክ።

ተሳስተሃል። ያየኸው ልምምድ ነው።

ስልክህ ላይ የደረሰችው የመጨረሻዋ ሰከንድ ብቻ ናት። ከእሷ በፊት የነበሩት ዓመታት ላይክ ስለማያስገኙ ማንም አይለጥፋቸውም። ዛሬ ስለእነዚያ ዓመታት እናውራ።

ስፖርቱ ፓርኩር ይባላል። በሩጫ፣ በዝላይና በመንጠላጠል ፊትህ የቆመውን ግንብም ሆነ አጥር ተሻግሮ ማለፍ ነው። መሣሪያው የራስህ ሰውነት ነው።

ከየት መጣ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዦርዥ ኤበር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ሩጫን፣ ዝላይን፣ መውጣትንና ሚዛን መጠበቅን ያጣመረ ሥልጠና ቀመረ። ዓላማውም ግልጽ ነበር፤ ሰው የሚጠነክረው ለሌላው እንዲጠቅም ነው። ቬትናም ውስጥ ተወልዶ በፈረንሳይ ጦር እጅ ያደገው ሬሞን ቤል በዚህ ዓይነት የመሰናክል ሥልጠና ሰውነቱን ገነባ፤ በኋላም በፓሪስ የእሳት አደጋ ተከላካይ ሆነ። ያወቀውን ለልጁ ለዳቪድ አወረሰ።

ዳቪድና ጓደኞቹ ከፓሪስ በስተ ደቡብ በምትገኘው ሊስ ከተማ ልምምዱን የዕለት ተዕለት ሥራቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1997 ዘጠኝ ወጣቶች ሆነው ያማካሲ በሚል ስም ቡድን መሠረቱ።

ዘመናዊ ጂም ነበራቸው? የለም። ስፖንሰር? የለም። የሠፈራቸው ደረጃ፣ ግንብና የብረት አጥር ግን ነበር። ሌላው ሰው እንቅፋት ብሎ የሚዞረውን እነሱ መለማመጃ አደረጉት።

አንተስ? «ገንዘብ ሲኖረኝ፣ ጊዜ ሲመቸኝ» እያልክ ስንት ዓመት አሳለፍክ?

ጀማሪ ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ፊት ይቆማል። አንድ ስንዝር ከፍ ያለች ጠርዝ! ጉልበቱን ያጥፋል፣ እጆቹን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት ይወነጭፋል፣ ይዘላል። ጠርዟ ላይ በሁለቱም እግሮቹ ፊተኛ ክፍል ያርፋል፤ ተረከዙ አይነካም። ከዚያ ጆሮውን ያቆማል። ጫማው «ጧ!» ካለ ግጭቱን ጉልበቱ ተቀብሎታል ማለት ነው። ድምፅ ካልተሰማ ጡንቻው ውጦታል።

ተሳካለት እንበል። ጨረሰ? በፍጹም!

በፓርኩር ሰዎች ዘንድ አንድ ዝላይ አይቆጠርም። የመጀመሪያው ዕድል ሊሆን ይችላላ! ስለዚህ ይደግመዋል። ሲደክመውም ይደግመዋል። ሰውነቱ ሳያስብ እስኪያውቀው ድረስ ይደግመዋል። ወደ ከፍተኛው ግንብ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአንድ ሌሊት ሞቲቬሽን የተመዘገብክበት ጂም፣ የገዛኸው የቋንቋ መማሪያ፣ የከፈትከው የቁጠባ ደብተር የት ደረሰ? አቅም አላነሰህም። በጠርዝ ሳትጀምር ጣሪያ ስለተመኘህ ነው!

ፈራህ? ጥሩ ነው! ፓርኩር የሚለማመድ ሰው ሁሉ ይፈራል። ፍርሃቱ «ገና ነህ» ሲለው ይሰማዋል፤ ከፍታውን ይቀንሳል፤ ዝላዩን ግን አይተወውም። አንተም እንዲሁ አድርግ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራሃል? ለሦስት ጓደኞችህ ተናገር። ንግድ ያስፈራሃል? አንድ ዕቃ ሸጠህ እይ። ዝቅ አድርገው እንጂ አትሽሸው!

ብቻህንም አትልፋ። በያማካሲዎች ባህል ልምምድ አብሮ ተጀምሮ አብሮ ያልቃል፤ የቀደመው ተመልሶ የዘገየውን ያበረታታል። ጥንካሬህ ለሰው የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ ማንን ትጎትታለህ?

አሁን ውጤቱን ተመልከት። ከሠፈር ደረጃ የተነሣው ልምምድ እ.ኤ.አ. በ2001 «ያማካሲ» የተሰኘ ፊልም ወጣለት። በ2006 ከመሥራቾቹ አንዱ ሴባስቲያን ፉካን በጄምስ ቦንድ «ካዚኖ ሮያል» ፊልም ላይ በግንባታ ክሬን ላይ ሲሮጥ ዓለም ትንፋሹን ውጦ አየው። በ2017 ብሪታንያ ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ለፓርኩር የስፖርትነት ዕውቅና ሰጠች። በ2022 ቶኪዮ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አስተናገደች። በጋዛ ደግሞ ወጣቶች በፈራረሱ ግንቦች መካከል ተለማምደውታል። ከእነሱ የባሰ ምን ምክንያት አለህ?

አንቺስ እህቴ? በኢራን ሴቶች ፀጉራቸውን ሸፍነው ግንብ ይዘላሉ። ዕድሜሽም ሆነ የሰው ዓይን አያስቁምሽ!

ጣሪያ ላይ እንድትወጣ አልልህም። እንዳትወጣ! ይልቅ ለዓመታት ስትዞረው የኖርከውን አንድ ነገር ዛሬ ምረጥ። አንድ ስንዝር እስኪያክል ድረስ አሳንሰው። አሥር ገጽ ካቃተህ አንድ ገጽ አንብብ። አንድ ሰዓት ካቃተህ አምስት ደቂቃ ተራመድ። እየከበደህ፣ እንደ ጀማሪው ጫማ እየጮኸብህም ቢሆን ሥራው። ድምፁ እስኪጠፋ ሥራው።

ማይንድሴት የሚቀየረው በምኞት አይደለም፤ በድግግሞሽ ነው። ውሳኔው ግን ያንተ ነው፤ ማንም አይወስንልህም።

ዛሬ ዝለል። ነገ ድገመው። ከነገ ወዲያም ድገመው!